ፎርሙ የመለሳቸው እትዬ ዘነበች

ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ምግብ ቤት ምሳ እየበላሁ፣ ከቤተክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ ዘነበች አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ለተሠራው የአረጋውያን አፓርትመንት በኢንተርኔት አፕላይ ሊያደርጉ ሞክረው እንዳልሆነላቸው አጫወቱኝ። «አራት ቀን ሙሉ ሞከርኩ ልጄ። ስልክ ቁጥርሽ ልክ አይደለም እያለ ይመልሰኛል» አሉኝ። ያንን የማመልከቻ ፎርም የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን እንዴት እንደሞሉት እንዲያሳዩኝ ወረቀት ሰጠኋቸው። ለማንበብ እንዲመች ሦስት ሦስቱን እየለዩ፣ በመሃሉ ክፍት ቦታ እየተዉ ጻፉልኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ፎርሙ መጀመሪያ ክፍቱን ቦታ አውጥቶ ከዚያ ቁጥሩን መፈተሽ ነበረበት። እኔ ግን ከነክፍት ቦታው እንዲፈትሸው አድርጌ ትቼዋለሁ። የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነበር።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። «ምዝገባው እኮ ዓርብ ተዘጋ» አሉኝ። እዚያው ሆኜ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ስማቸው ሲስተሙ ውስጥ ከሌለ ምንም ማድረግ አንችልም አለኝ። ስማቸው ከየት ይምጣ? ፎርሙ የመለሰውን ሰው አይመዘግብም። ከእሳቸው ሌላ ስንት ሰው እንደመለሰም የምናውቅበት መንገድ የለም። ስልኩን ዘግቼ አንገቴን ስደፋ፣ እትዬ ዘነበች ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንተ ምን አጠፋህ፤ እኔ ነኝ ኮምፒውተር የማልችለው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። አላመኑኝም።