ፈጣሪ የሠራኝና እናንተ የፈረማችሁብኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፉ፣ የስምሪትና የጥገና ባልደረቦቼ፤

ስለ ጡረታ ሽኝት ግብዣው አመሰግናለሁ። ከላምበረት ጋራዥ ኦሎምፒያ ድረስ በድርጅቱ አውቶቡስ አምጥታችሁ ቀሚስ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጣችሁኝ። ከኋላው ሪባን ሁሉ አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ለቢሮዬ አንድ ወንበር ለምኜ "ይታያል" ተብያለሁ። ይኸው ታየ።

ከእኔ በፊት ሰባት ሰው ተናግሯል። ሰባታችሁም "ፈጣሪ በመከራ የቀረጸው ሰው" አላችሁኝ። ተመካክራችሁ ነው ወይስ አንዱ የጻፈውን ስድስታችሁ ገለበጣችሁት? ሥራችሁን ስለማውቅ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ለአዲሶቹ ሠራተኞች ላስረዳ። የእኔ ሥራ አውቶቡስ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ከሥሩ ገብቶ ማየት፣ ደህና ከሆነ የመውጫ ወረቀቱ ላይ መፈረም ነው። እኔ ካልፈረምኩ አይወጣም። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው።

በእኛ ጋራዥ ግን ሌላ ልማድ አለ። ተቆጣጣሪው አልፈርምም ሲል አንዱ ጸበል በሃይላንድ ይዞ ይመጣና ጎማው ላይ ይረጫል። ሌላው ዱዓ ያደርጋል። ከዚያ ሁላችሁም እምነት እንደጎደለው ሰው ታዩኛላችሁ። እኔ በጸበል አምናለሁ፤ እጠጣለሁ፣ እጠመቃለሁ። ጸበል የፍሬን ሸራን ይተካል ብሎ የነገረኝ ቄስ ግን እስካሁን የለም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የደሴው አውቶቡስ የኋላ ፍሬን ሸራው አልቆ ስላገኘሁት አልፈርምም አልኩ። አቶ ተስፉ ራሳቸው መጡ።

"ኡርጌሳ፣ እግዚአብሔርን አታምንም እንዴ?"

"እሱን አምናለሁ ጌታዬ፤ የማላምነው ፍሬኑን ነው።"

ሌላ ሰው ፈረመ። አውቶቡሱ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ሰው አልሞተም፤ የሾፌሩ የሃይደር እግር ግን ተሰበረ። እናንተ ምን አደረጋችሁ? "ተአምር ነው" ብላችሁ በግ አረዳችሁ። በሳምንቱ እኔን "ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ አይሠራም" በሚል ደብዳቤ ጎማ መጋዘን ወረወራችሁኝ። አራት ዓመት እዚያ ቆይቼ ነው ወደ ቁጥጥር የተመለስኩት።

በየተራ እየመጣችሁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋችሁ "ፈጣሪ ሊቀርጽህ ነው፤ ቻለው" አላችሁኝ። አቶ ተስፉ ቢሮ ገብቶ "ኡርጌሳ እኮ ልክ ነበር" ያለ ግን ከመካከላችሁ አንድ አልተገኘም። የእኔን ትከሻ መምታት ይቀላላ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። እውነትም ቀርጾኛል።

የድሮውን ኡርጌሳ የምታስታውሱ አላችሁ? መፍቻ የምወረውር ሰው ነበርኩ። ሰላምታዬ እንኳ ስድብ ነበር። መጋዘን ስገባ የመጀመሪያ ዓመት ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ አቶ ተስፉን እንዲያነሳልኝ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ፈጣሪ የስንቱን ሞኝ ጸሎት ሰምቶ እንዳልሰማ እንደሚያልፍ ከዚህ ተረዱ።

ጎማ ላይ ብትጮህ አይመልስልህም። ጮኼ ጮኼ ደከመኝ፤ ቀስ በቀስ ዝም ማለት ለመድኩ። በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ሶሬቲ ታመመች። ስምንት ወር በማንኪያ አጎረስኳት፣ አጠብኳት፣ አገላበጥኳት። አንድ ቀን ምግቡን ደረቴ ላይ ደፋችው። እንደ ድሮው እንዳልቆጣት ፈርታ አየችኝ። እኔ ሳቅኩ። "ኡርጌ፣ ሰው ሆንክ እኮ" አለችኝ። በወሩ አረፈች። ያንን ቃል ባልሰማው ኖሮ እስከ ዛሬ እንደ አውሬ እኖር ነበር። እግዚአብሔርን ስለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ከልቤ ነው።

ሃይደርንም እግሩ ሲያነክስ ጊዜ እኔው ጋ መደባችሁት። ለእናንተ መጋዘኑ የተበላሸ ዕቃ ማስቀመጫ ነበርና። አንድ ቀን እንደ እናንተ "ለበጎ ነው" ስለው ቀና ብሎ አየኝ። "ስማ ኡርጌ፣ እኔም ሰብር አደርጋለሁ፤ እታገሣለሁ። አላህ እያስተማረን ነው። ተስፉ ግን እያስተማረን አይደለም። ሁለቱን እንዳታምታታቸው" አለኝ።

እንዲህ ያለ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ሰምቼም አልተማርኩበትም።

ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በፊት ፌናን፣ እንድትተካኝ ያሠለጠንኳት ልጅ፣ አርባ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ላይ አልፈርምም አለች። ወዲያው ወደ ጎማ መጋዘን ትዛወር ተባለ። ደብዳቤው የሦስት የዝውውር ኮሚቴ አባላት ፊርማ ይፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ።

ፈረምኩ።

ምነው፣ ይኼ አያስቅም? እስካሁን በእናንተ ላይ ስናገር ስትሳሳቁ ነበር። ሁለት ሳምንት ቀረኝ፣ ከማንም ሳልጣላ ልሸኝ ብዬ ነው የፈረምኩት። ዕድሜ ልኬን ስንቃችሁ ኖሬ በስተመጨረሻ እናንተን ሆንኩ። ከእናንተ የባስኩም እኔ ነኝ፤ መጋዘኑን አውቀዋለሁና።

ልጅቷ ደብዳቤውን ይዛ መጣች። ምን አልኳት መሰላችሁ? "ልጄ፣ ፈጣሪ ሊቀርጽሽ ነው።" በዚሁ አፌ።

"እሱ ይቅረጸኝ ጋሼ ኡርጌሳ" አለችኝ። "እርስዎ ለምን ፈረሙ?"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጸለይኩ፤ ጸሎቱም አላስተኛኝም። ዛሬ ጠዋት እናንተ ክራባት ስታስተካክሉ እኔ ቱታዬን ለብሼ አርባ ሁለት ሥር ገባሁ። የኋላ ቀኙ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ነው። ፌናን ልክ ናት።

ጡረታዬ የሚጀምረው ነገ ነው። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ። ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ ላይ "አይወጣም" ብዬ በቀይ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከዝውውሩ ደብዳቤ ላይ ፊርማዬን ማንሳቴንም ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። በሁለት ፊርማ ማንም አይዛወርም፤ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት አቶ ተስፉ። ውኃ ይጠጡ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጉዟችሁን ያሳምር፤ የምትሳፈሩበትንም ፍሬን ያለው ያድርግላችሁ። ለሰው ትከሻ የሚዘረጋ እጃችሁን የአለቃ በር ለማንኳኳትም ያበርታው። ፈጣሪ ይሥራችሁ፤ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል፣ እሱ ግን አይሰለችም። ሲሠራችሁም በራሱ እጅ ይሥራችሁ፤ እንደኛ ላለው ፈራሚ አሳልፎ አይስጣችሁ።

ፌናን፣ ልጄ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አሜን ለማለት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ከአውቶቡሱ ሥር ገብተሽ እዪ።