ሦስት ሜትር የነበረው መሠረት

ፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፤ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር እንየው ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመናሹ የጓሮው በር ላይ ቆመው፣ መምህሩ በገዛ እጃቸው ስለሚቆፍሩት የዕቃ ቤት መሠረት ሲነታረኩ።

ይመናሹ፦ እኮ ልጃችን ትርንጎ ስትደውል ምን ልበላት? «አባትሽ ደህና ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው» ልበላት? ንገረኝ እንጂ፣ እኔማ መልሱ ጠፋኝ።

እንየው፦ «መሠረት እያወጣ ነው» በያት። ጉድጓድና መሠረት አንድ አይደለም።

ይመናሹ፦ ለወገብህ አንድ ነው። ሐኪሙ ከውሃ ጆግ የከበደ ነገር እንዳታነሣ አላለህም? ዶማው ጆግ ነው?

እንየው፦ ማንሣቱን ብቻ ነው እኔ የምሠራው። ሲወርድ በራሱ ነው የሚወርደው።

ይመናሹ፦ አይ ሒሳብ! ለአካፋና ለድንች ዘር ማስቀመጫ፣ ሰው ለፎቅ የማይቆፍረውን ትቆፍራለህ። ግንበኛው አንሙት አምና በአራት ድንጋይ አቁሞልን አልነበር?

እንየው፦ እሱን ደግሞ ትጠሪብኛለሽ? አራት ድንጋይ፣ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ! ክረምት ገብቶ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ አብጦ፣ ቤቱ ከጠጅ ቤት እንደ ወጣ ሰው ዘመመ። በሩ አልከፈት ብሎ የድንች ዘሩን በመስኮት አይደል ያወጣነው?

ይመናሹ፦ «ያወጣነው» ይለኛል! በመስኮት የገባሁት እኔ ነኝ። አንተማ ውጭ ቆመህ «ግራ እግርሽን አስቀድሚ» ነበር የምትለው።

እንየው፦ እኮ! ዘንድሮ በበር እንድትገቢ ብዬ ነው የምለፋው። ጥቁሩን አፈር ጠርጎ ማውጣት፣ እስከ ጠጣሩ መውረድ፣ ጠጠራማ ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለአንሙት ስነግረው ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ጥቁር አፈሩን ለእኛ ይተዉት።» ሰው ፊት!

ይመናሹ፦ እና ለአንሙት እልህ ነው ሬሳህን የማነሣው?

እንየው፦ ማንም አይሞትም። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ከዚያ በፊት እጨርሰዋለሁ።

ይመናሹ፦ ዛሬ ግን ኪዳን አድርሰህ ከተመለስክ ጀምሮ ከወንበሩ ንቅንቅ አላልክም። ደከመህ አይደል? እሰይ! … ማለቴ፣ አይዞህ።

እንየው፦ እያሰብኩ ነው። ይመናሹ፣ እስቲ ገባ በይና ተቀመጪ። የምነግርሽ ነገር አለ።

ይመናሹ፦ በስመ አብ! ምንህን አመመህ? ደረትህን ነው?

እንየው፦ ደረቴስ ደህና ነው። ራሴ ነው። ሰኞ ችካሎቹን ስተክል ረዥሙ ጎን ሦስት ሜትር ነበር፤ ይኸው ደብተሩ ላይ አለ። ማክሰኞ ከኪዳን መልስ ብለካው ሁለት ሜትር ከሰማንያ። ትናንት ሁለት ከስልሳ።

ይመናሹ፦ … ሜትሩ ነዋ! ፀሐይ ላይ ትተኸው ተኮማትሮ ይሆናል።

እንየው፦ አንደኛ፣ የብረት ሜትር ነው። ሁለተኛ፣ ሜትሩ ቢኮማተር ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ይመናሹ፦ እንግዲያው አፈሩ ነው። ያብጣል፣ ይሟሽሻል ስትለኝ አልነበር?

እንየው፦ በየቀኑ እኩል ሃያ ሳንቲሜትር?

ይመናሹ፦ ምን አውቃለሁ፣ አንዳንድ አፈር ሥርዓት አለው።

እንየው፦ አትቀልጂ። ወንድሜ ሞላ እንዴት እንደ ጀመረው ታስታውሻለሽ? መጀመሪያ የጠፋበት ቁጥር ነበር። የቤቱ ቁጥር፣ የልጆቹ ዕድሜ። ቀጥሎ ስማቸው ጠፋው። በመጨረሻ እኔን አይቶ «እኚህ ሰውዬ የማን እንግዳ ናቸው?» አለ።

ይመናሹ፦ ተው! እሱን አታንሣብኝ! አንተንና ሞላን ምን ያገናኛችኋል?

እንየው፦ እናታችን።

ይመናሹ፦ ኧረ በማርያም! ባለፈው እሑድ ያ ራሰ በራው ነጋዴ ሲያቅፍህ «አንተ ስምንተኛ ለ ነበርክ፣ መስኮት ሥር ነበር የምትቀመጠው» ያልከው ማነው? እኔ ነኝ?

እንየው፦ ሰውማ አልጠፋኝም፣ ሦስት ሜትር ነው የጠፋኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ደግሞ ቁጥር ነው። ነገ ባሕር ዳር ሄጄ የራስ ሐኪም ልታይ ነው።

ይመናሹ፦ አትሄድም።

እንየው፦ ለምን?

ይመናሹ፦ ደህና ስለሆንክ።

እንየው፦ በምን አወቅሽ?

ይመናሹ፦ … አወቅኩ አልኩ እኮ። ሚስትህ አይደለሁ?

እንየው፦ ለማንኛውም ትርንጎ ማወቅ አለባት። ስልኩን አቀብዪኝ።

ይመናሹ፦ እሷንማ አታስደንግጣት!

እንየው፦ አባቷ የሚጃጅ ከሆነ ከወዲሁ ብትሰማው ይሻላታል። አቀብዪኝ።

ይመናሹ፦ እኔ ነኝ!

እንየው፦ አንቺ ምን?

ይመናሹ፦ ችካሉን! አንተ ኪዳን ስትሄድ እየነቀልኩ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ፣ በማግስቱም አንድ ስንዝር … ቤቱ ካነሰ ቁፋሮውም ያንሳል ብዬ። እስከ እሑድ የዶሮ ቤት ያህል ሲሆንበት ራሱ ይተወዋል ብዬ! ምን ላድርግ? በአፌ ነግሬህ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?

እንየው፦ ተመስገን! ወጣች!

ይመናሹ፦ ምኗ ነች የወጣችው?

እንየው፦ እውነቷ ነቻ! ትናንት አመሻሹ ላይ አፈሩ እንዲለሰልስ ውሃ አፍስሼበት ነበር። ዛሬ ስመለስ የኮንጎ ጫማሽ ችካሉ ሥር ታትሟል። ግራም ቀኝም። ከነቀዳዳው።

ይመናሹ፦ እያወቅህ ነው? እያወቅህ ነው የሞላን ስም ያነሣህብኝ? አንተ ጉደኛ! እኔ እዚህ ላብ አጥምቆኝ …

እንየው፦ የዛሬው ተንኮል ነው፣ አልክድም። የማክሰኞውና የትናንቱ ግን እውነት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ፈርቼ ነው የዋልኩት፣ ይመናሹ። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብዬ በማባዣ ሰንጠረዥ ራሴን ስፈትን ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስደርስ አመነታሁ።

ይመናሹ፦ … ይህን መች አሰብኩት። ወገቡን ላሳርፍለት ብዬ እኮ ነው።

እንየው፦ ወገቤንስ መች አሳረፍሽው? ችካሉ በሄደ ቁጥር ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ስሕተት እየመሰለኝ አዲስ መስመር ነው የቆፈርኩት። ያን አንዱን ጎን ብቻ ሦስት ጊዜ።

ይመናሹ፦ ሦስት ጊዜ?

እንየው፦ አንዱን ሰኞ፣ አንዱን ማክሰኞ፣ አንዱን ትናንት። አሁን ሦስት ቦይ አለን፤ ከፈለግሽ ሽንኩርት ትከዪበት።

ይመናሹ፦ ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ተነሥ።

እንየው፦ ለምን?

ይመናሹ፦ ስልኩ ከአጠገብህ ሆኖ «አቀብዪኝ» አልከኝ። ቅድም ውሃውን አቀበልኩህ፣ መነጽሩንም፣ ደብተሩንም። ተነሥ አልኩ።

እንየው፦ እያሰብኩ ነው ብዬሻለሁ እኮ።

ይመናሹ፦ ቆመህ አስብ!

እንየው፦ … ይመናሹ።

ይመናሹ፦ አቤት።

እንየው፦ አልቻልኩም።

ይመናሹ፦ ከመቼ ጀምሮ?

እንየው፦ ጠዋት የጫማሽን ዱካ ለማየት ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለ። ግድግዳውን ይዤ እዚህ ደረስኩ።

ይመናሹ፦ ሦስት ቀን ስትቆፍር ያልተቀጨ ወገብ እኔን ለመያዝ ስታጎነብስ ተቀጨ? በል እንግዲህ! አሁን ደግሞ አንሙትን ልጥራው?

እንየው፦ እንዳትጠሪው! ከዚህ ግቢ ስቆ ከሚወጣ ወንበሩ ላይ ልክረም። ትንሽ ቀን ብቻ ስጪኝ። ጋሪው ቅዳሜ ገረጋንቲ ይዞ ይመጣል፤ ያ ጎን እስከዚያ ካልተስተካከለ ዝናቡ ይቀድመናል። ከቀደመን ደግሞ መሠረቱ ኩሬ ነው የሚሆነው፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ጥቁር ሰሌዳ ሆኜ እቀራለሁ።

ይመናሹ፦ ትክክለኛው መስመር የቱ ነው? የሰኞው ነው?

እንየው፦ የሰኞው ነው፣ አጥሩ በኩል ያለው። ገና ግማሹ ነው የወረደው። ምነው ጠየቅሽኝ? … ይመናሹ? ነጠላሽን ለምን ወገብሽ ላይ ታስሪያለሽ? … አንሙት ጋ ነው? ተናገሪ እንጂ! … አንቺ ሴት፣ ዶማው ምን ያደርግልሻል? አስቀምጪው! ስድሳ ስድስት ዓመትሽ ነው እኮ፣ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? … ይመናሹ! … እሺ፣ እሺ በቃ! በሁለት እጅሽ ያዢው፣ ከታችኛው ጥግ ጀምሪ፣ እዚያ የዛፍ ሥር የለበትም!