እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ

አቀናባሪዋና ታናሽ ወንድሟ ስለሞተችው እናታቸው የተሠራውን ፊልም ሊያቀናብሩ ተቀምጠዋል። ዘጋቢ ፊልሙን የቀረጸው እሱ ነው፤ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። እሷ ግን ዞር ብላም ሳታየው፣ አሁን ከገባው የድምፅ ባለሙያ ጋር ወሬ ጀመረች።

«እንዴት አደርክ አንተ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? ... ተመስገን። ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።

«አንድ የማውቀው ፊልም ሠሪ አለ፤ አንተ አታውቀውም። ጎበዝ ነው ታዲያ። ድሮ ስንጀምር ካሜራው የሁለት ሰው ሸክም ነበር፤ ጥቅል ፊልሙም ሳትጠግበው ያልቃል። ምን ያድርግ? ካሜራውን አስቀምጦ ከሰዎቹ ጋር ይጫወታል፣ ሲያለቅሱ መሐረብ ያቀብላል... ምስኪን፣ መሣሪያው ኋላ ቀር ስለነበር እኮ ነው።

«ከዚያ ካሴት መጣ፣ ቀጥሎ ካርድ። አሁንማ መዳፍ የምታህል ካሜራ ይዞልሃል፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀርጽ አይደክማት፣ አይከብዳት። ምንም ነገር አይሰማትም... ካሜራዋን ማለቴ ነው።

«እናቱ ታመመችበት። ሌላ ልጅ ቢሆን ይደናገጣል፣ ትራስ ያስተካክላል። እሱ ብርሃኑን አስተካከለ። ለሙያው እንዲህ የተሰጠ ሰው ከየት ይገኛል? ‹ውሃ› ትለዋለች። ‹እማዬ፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር ብለሽ ድገሚው› ይላታል። ደገመችለት። እናት አይደለች? ምስሉን ብታየው... ንቅንቅ የለም። የኔ እጅ ቢሆን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ፣ ዕድሜ ልኬን የፊልም መቁረጫ መቀስ ይዤ የኖርኩ ሰው።

«እህቱ ያን ቀን ሥራ ነበረች። ‹አታስቢ፣ እኔ አጠገቧ አለሁ› ብሏት ነበር። አልዋሸም እኮ... ነበረ።»

ወንድሟ ሶፋው ላይ ስልኩን መነካካት ተወ። አቀናባሪዋ ድምፅዋን ይበልጥ አለዘበች።

«እናቱ ‹ውሃ› የምትልባትን ያቺን ቦታ ግን አውጥቼ ጥያታለሁ። የት ገባች ካለኝ ማሽኑ በላት እለዋለሁ። ይቆጣ ይሆን? አይመስለኝም፣ አስተዋይ ነው። ሽልማቱ እንደሆነ ያለሷም አይቀርለትም፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ‹ለእናቴ› ሲል ደግሞ ያምርበታል።

«ብቻ እግዜር ይባርከው። ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ ወልዶ ይሳም። ምናልባት አንድ ቀን አልጋ ቢይዝም... ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ ያስታምመው።»