አምስቱ ጥቁር ወፎች

(በጭጋግ በተዋጠ ተራራ ጫፍ፣ የስልክ ማማ የጥበቃ ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ። አዛውንቱ ጥበቃ ጋሼ ይፍሩና ወጣቱ ባልደረባቸው ናሁሠናይ፣ ነገ ጠዋት የሚመጣው መኪና ማንን ይዞ እንደሚወርድ ወፎች በተሳሉበት የመጫወቻ ካርታ ሊለዩ ተጫውተው፣ ጨዋታው ገና አሁን ማለቁ ነው።)

ናሁሠናይ፦ እስቲ እርስዎው ይቁጠሩት። እኔ ስልሳ ሁለት፣ እርስዎ አርባ አንድ። ከዚህ በላይ ምን ክርክር አለው?

ጋሼ ይፍሩ፦ ቆጥሬዋለሁ። የፈረንጅ ፊደል ባላውቅም ቁጥር አያመልጠኝም። ስንት ዓመት በር ላይ ቆሜ የመኪና ታርጋ የመዘገብኩ ሰው ነኝ።

ናሁሠናይ፦ እንግዲያው አለቀ። ጣቢያው ባዶ አይደር፣ አንዳችን እንቅር፣ ያሸነፈ ይውረድ፤ የተባባልነው ይኼን ነው። የምወርደው እኔ ነኝ።

ጋሼ ይፍሩ፦ ቆይ፣ ካርታውን አትሰብስበው። እነዚህንም እያቸው።

ናሁሠናይ፦ ምንድን ናቸው?

ጋሼ ይፍሩ፦ ጥቁር ወፎች ናቸዋ። አራቱ እነኚህ፣ ይቺ ደግሞ አምስተኛዋ። አንተ ነጥብ ነጥቡን ስትለቅም እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥቁር ጥቁሯን ስለቅም ነበር።

ናሁሠናይ፦ እና?

ጋሼ ይፍሩ፦ እናማ፣ አምስት ጥቁር ወፍ የሰበሰበ ነጥብ ሳይቆጠር ያሸንፋል። በፈረንጅ ፊደል ከተጻፈው የጨዋታው መመሪያ አንብበህ የነገርከኝ አንተ ነህ።

ናሁሠናይ፦ እሱ እኮ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ጋሼ።

ጋሼ ይፍሩ፦ መቼ መቼ ነው የሚሠራው?

ናሁሠናይ፦ ሦስት ሰው ሲጫወት።

ጋሼ ይፍሩ፦ ሦስተኛው ማን ነበር? ከግንቦት ጀምሮ እዚህ ጫፍ ላይ እኔና አንተ ነን። ሌላ የገባ ቢኖር ጭጋግ ነው፤ እሱም ካርታ ሲይዝ አላየሁትም።

ናሁሠናይ፦ ሌላ እንጫወት እንግዲህ። ማማውን የተከለው ፈረንጅ ኢንጂነር ትቶልን የሄደው ካርቶን ውስጥ ጨዋታ ሞልቷል። የባቡሩን እንዘርጋ።

ጋሼ ይፍሩ፦ ባቡሩን እወደው ነበር። ሐዲዴን እየዘረጋሁ ከከተማ ከተማ ስሻገር እውነትም ከዚህ የወጣሁ ይመስለኛል። ግን ልደርስ አንድ ጣቢያ ሲቀረኝ አንተ አንድ አዲስ ሕግ ትዝ ይልሃል።

ናሁሠናይ፦ በሽታውን ተባብረን የምናጠፋበት፣ የወረርሽኙስ?

ጋሼ ይፍሩ፦ እሱ ጨዋታ አይደለም፣ ሥራ ነው። ደግሞ እሱን ካሸነፍን ሁለታችንም ነን የምናሸንፈው። ነገ መኪናው ሁለታችንን አይወስድም።

ናሁሠናይ፦ ካርታችንን ወደ ውጭ አዙረን የምንይዘውስ?

ጋሼ ይፍሩ፦ ከሁሉም እሱ ይሻለኛል። የራሱን ማንም አያይም፤ ያንተን ግን እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እሱን ሌላ ቀን። ዛሬ የተጫወትነው የወፎቹን ነው።

ናሁሠናይ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለብኝ። የነገው መኪና ካመለጠኝ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ዝናቡ ካላቆመ አይከፈትም፣ እስከ መስከረም እዚሁ መቅረቴ ነው። ግድግዳውን እያየሁ ማበዴ ነው። ትናንት የማማውን ብሎኖች ቆጠርኩ፣ ያውቃሉ?

ጋሼ ይፍሩ፦ ስንት ሆኑ?

ናሁሠናይ፦ ጭጋጉ መሀል ላይ ዋጠብኝ።

ጋሼ ይፍሩ፦ የእኔም ልጅ ደውላ ነበር። የልጇ አርባ ቀን እሑድ ነው፤ ክርስትናው ላይ እንድገኝ ፈልጋለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው፤ እስካሁን በስልክ ሲያለቅስ ብቻ ነው የሰማሁት። የት ነህ አባባ ስትለኝ ምንጩ ጋ ነኝ አልኳት። ዛሬም ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ ወይ አለችኝ።

ናሁሠናይ፦ ውሃውን አሁን ምን አመጣው?

ጋሼ ይፍሩ፦ የተሸነፈ ይቅዳ ብለን አልነበር? በነጥብ ስመራህ አሥራ አንድ ጊዜ አምስት ጥቁር ወፍ ዘርግተህብኛል። አሥራ አንድ ጊዜ ያን ቁልቁለት ወርጃለሁ።

ናሁሠናይ፦ ጉልበትዎን በፎጣ አስረው።

ጋሼ ይፍሩ፦ አስሬ። በል፣ መመሪያው ይኸው። የምታነበው አንተ ነህ። እንዲህ ያለ ሕግ የለም በለኝና ነገ ውረድ። አንድ ቃል አልናገርህም።

ናሁሠናይ፦ የለም ብል እኮ፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ በውሸት ነበር የሰደድኩዎት ማለት ነው።

ጋሼ ይፍሩ፦ እሱን አልጠየቅኩህም።

ናሁሠናይ፦ በዚያ ዝናብ።

ጋሼ ይፍሩ፦ ስለ ዝናቡም አልጠየቅኩህም። ሕጉ አለ ወይስ የለም?

ናሁሠናይ፦ ትንሽ ያስቡልኝ እንጂ፣ ጋሼ።

ጋሼ ይፍሩ፦ እያሰብኩልህ እኮ ነው።

ናሁሠናይ፦ አለ።

ጋሼ ይፍሩ፦ ጣትህን አድርግበት።

ናሁሠናይ፦ እዚህ ጋ ነው።

ጋሼ ይፍሩ፦ እስቲ አንብብልኝ።

ናሁሠናይ፦ «አምስት ጥቁር ወፍ የሰበሰበ ተጫዋች፣ ነጥብ ሳይቆጠር ያሸንፋል።»

ጋሼ ይፍሩ፦ አምስት ቁጥር አትታየኝም።

ናሁሠናይ፦ በፊደል ነው የተጻፈችው።

ጋሼ ይፍሩ፦ በፊደል።

ናሁሠናይ፦ አዎ። መኪናው በጠዋት ነው የሚደርሰው፤ ሻንጣዎን ዛሬውኑ ያዘጋጁ።

ጋሼ ይፍሩ፦ ካዘጋጀሁት ቆየ። ጀሪካኑ ከበሩ ኋላ ነው፤ መያዣው እጅ ይቆርጣል፣ ጨርቅ ጠቅልልበት።