የአቶ ሳህሉ እግርና ትንሣኤ ሙታን

በሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አቶ ሳህሉን የማያውቅ አልነበረም። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ልብስ ሲሰፉ አርጅተዋል። በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. በጥር ወር ግን የስኳር በሽታ ግራ እግራቸውን አጠቆረውና ሐኪሙ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አላቸው። እሳቸውም እንቢ ብለው በምርኩዝ እያነከሱ ከሆስፒታሉ ወጡ።

ሸዋ በር አጠገብ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳለ የሟች ወንድማቸው ልጅ እንደሻው ድንገት አገኛቸው። እንደሻው ገጠር ውስጥ በጤና ረዳትነት የሚሠራ፣ ለጥምቀት የመጣ ወጣት ነው። ነገሩን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከዘገዩ ይገድልዎታል።»

«እኔን የሚያስፈራኝ መሞቱ አይደለም ልጄ፣ መነሣቱ ነው» አሉ አቶ ሳህሉ። «እኔ መድኃኔ ዓለም ግቢ ተቀብሬ፣ እግሬ የሆስፒታል ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ፣ መለከት ሲነፋ በምኔ ልቆም ነው?»

በዚህ መሳቅ ቀላል ነበር። እንደሻው ግን አልሳቀም፤ እንዲህ የሚጨነቀው ትንሣኤን ከልቡ የሚያምን ሰው ብቻ እንደሆነ ገብቶታል። ስለዚህ በአራዊት የተበሉትን፣ በእሳት የተቃጠሉትን ሰማዕታት አነሣላቸው። አቶ ሳህሉ እነሱ ተገደው ነው፣ እኔ ግን የተሰጠኝን አካል በገዛ ፈቃዴ ላስቆርጥ ነው ሲሉ መለሱ። አንድ እግር ለማትረፍ ሙሉ ገላን ማበስበስም አደራ መጠበቅ አይደለም ቢላቸውም በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣቱ አጠገባቸው ተቀመጠና በዝግታ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ አባቴ ይነሣል?»

አቶ ሳህሉ ደነገጡ። ወንድማቸው በኦጋዴን ጦርነት መድፍ መትቶት የሚቀበር አካል እንኳ አልተገኘለትም። በየዓመቱ መታሰቢያውን የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው።

«እንዴታ! ይነሣል እንጂ።»

«መቃብር እንኳ የለውም።»

«ከአፈር ያበጀው ጌታ መቃብር ያስፈልገዋል እንዴ? የተበተነውን ሁሉ እሱ ያውቀዋል…» አሉና ወደ ጠቆረው እግራቸው ዞሩ። ልጁን ያጽናኑ መስሏቸው የተናገሩት ለራሳቸው ሆነ። ከገበያ የሚመለሱትን ሰዎች ብዙ ሲመለከቱ ቆዩና እጃቸውን ዘረጉለት።

«በል ደግፈኝ። ሐኪሙ ሳይወጣ እንድረስ።»

እግሩ ተቆረጠ። ምን እናድርገው ተብለው ሲጠየቁ እንደ ደንባችሁ አድርጉት አሉ። ቁስሉ ሲሽር ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ዓብዱላሂ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል ለአንድ እግር እንዲመች አስተካከለላቸው። መድኃኒታቸውን ሳያስታጉሉ፣ ጠጁን ትተው፣ የቀረውን እግራቸውን በየቀኑ እያጠቡና እየመረመሩ ለዓመታት በጤና ሠሩ፤ የልጃቸውንም የሠርግ ልብስ በእጃቸው ሰፉ።

ቀዶ ሕክምና የፈራ ሁሉ ወደ እሳቸው ይላክ ጀመር። ጡታቸው እንዲቆረጥ የታዘዙ ወይዘሮ በለጡ የሚባሉ ሴት ከሐኪም ተልከው መጥተው ሲያዋይዋቸው ዋሉ። ሊሄዱ ሲነሡ ግን እግርዎ አይናፍቅዎትም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ይናፍቀኛል» አሉ አቶ ሳህሉ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያስገቡ። «ግን እንገናኛለን። እስከዚያው የምሰፋው ልብስ አለኝ።»