አራተኛው ብሎን

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ስንዱ በግቢዋ ውስጥ የአሮጌዋን መኪና ኮፈን ከፍታ ሥራ ልትጀምር ስትል፣ ከስምንት ወር በፊት ቤቱን ጥሎ የወጣው ባሏ ምትኩ ሳይጠራ መጥቶ መፍቻውን ከእጇ ሊቀበላት ይታገላል።

ምትኩ፦ ስጪኝ እኮ አልኩሽ! ይሄ የስፌት ማሽን አይደለም፣ ሞተር ነው።

ስንዱ፦ ልዩነቱን አውቃለሁ። የፋብሪካችንን የስፌት ማሽኖች አንተ ነክተሃቸው ስለማታውቅ ሁሉም ይሠራሉ።

ምትኩ፦ ጀመረሽ ደግሞ። ሰው ላግዝሽ ብሎ በጠዋት ሲመጣ እንዴት አደርክ እንኳ አይባልም?

ስንዱ፦ እንዴት አደርክ? ስምንት ወር ሙሉ እንዴት አደርክ?

ምትኩ፦ ደህና። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስንዱ፦ ይመስገን። ጣሪያው ሲያፈስ አልመጣህም። ወባ ጥሎኝ ስተኛ በስልክ «በርቺ» አልከኝ። ዛሬ ኮፈን ስከፍት ግን ከነቱታህ ከተፍ አልክ። ማን ነገረህ?

ምትኩ፦ እትዬ ዘርፌ ናቸው። ትናንት ገበያ አግኝተውኝ «ስንዱ ለመኪናዋ የሆነ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ገዝታ ገባች፣ ራሴ ነኝ የምገጥመው ትላለች» አሉኝ።

ስንዱ፦ ጎረቤት ሳይሆን ሬዲዮ ነው የሰጠኝ።

ምትኩ፦ ለመሆኑ ነባሩ የአየር ማስገቢያ ምን ሆነ? ከነመኪናዋ የመጣ፣ ኦሪጅናል ዕቃ!

ስንዱ፦ ተሰንጥቋል። ኦሪጅናሉ ስንጥቅ አንተ በጠቀለልከው ፕላስተር ነው የቆመው። ይሄኛው ኦሪጅናል ባይሆንም ቢያንስ አንድ ወጥ ነው።

ምትኩ፦ እሺ፣ ጋራዥ ልውሰድልሽ። አሁኑኑ። ኮፈኑን ዝጊው።

ስንዱ፦ ምን እንዲህ አጣደፈህ? አራት ብሎን ነው። ፈትቼ አሮጌውን አወጣለሁ፣ አዲሱን አስገብቼ አስራለሁ።

ምትኩ፦ ብሎን እኮ ይሰበራል፣ ስንዱ! የገባው ደግሞ አልሙኒየም ውስጥ ነው። ጥርሱን ከበላሽው ወይም ግማሹ ውስጥ ከቀረ፣ አለቀልሽ።

ስንዱ፦ ለካ ይሄን ሁሉ ታውቃለህ? እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበር የመሰልከኝ።

ምትኩ፦ ሰው ሲሠራ አይቻለሁ።

ስንዱ፦ እስቲ መምህር፣ ብሎን እንዴት ነው የሚሰበረው? አስተምረኝ።

ምትኩ፦ ሞተሩ ሳይበርድ ሲፈታ። ዝገቱ ሳይለሰልስ ሲታገሉት።

ስንዱ፦ በጉልበቱ የሚያምን ሰው ደግሞ መፍቻው ጫፍ ላይ ብረት ቀጥሎ ሲንጠለጠልበት።

ምትኩ፦ ማን ተንጠለጠለ?

ስንዱ፦ ምሳሌ ነው። ምን ደነገጥክ?

ምትኩ፦ አልደነገጥኩም።

ስንዱ፦ እንግዲያው ተመልከት። መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም፤ ሞተሩ እንደ አንተ ሰላምታ ቀዝቅዟል። ዙሪያውን አቧራውን ጠርጌለታለሁ። ብሎኖቹ ነጭ ጋዝ ጠጥተዋል። መፍቻዬ አጭር ነው፣ ልኩም የብሎኑ ልክ ነው። እያዞርኩት ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ሰማህ? ጭጭ ብሎ ለቀቀ።

ምትኩ፦ ዕድል ነው።

ስንዱ፦ ሁለተኛውም ዕድል ነው። ሦስተኛውም፣ ይኸው። ጥርሳቸውን እየው፣ አንዱም አልተበላም። በል አሁን ከኋላ ያለው ቀረን።

ምትኩ፦ እሱን ተዪው!

ስንዱ፦ ለምን?

ምትኩ፦ እጅሽ አይደርስም። ጠባብ ነው።

ስንዱ፦ እጄ ከአንተ እጅ ይቀጥናል።

ምትኩ፦ ሦስቱ ይበቃሉ እኮ። አንዳንድ መኪና በሦስትም ይሄዳል።

ስንዱ፦ አራተኛውን የሠሩት ለጌጥ ነው? ግን ልክ ነህ፣ የእኛዋም ሄዳለች። ኮፈሌ ዳገት ድረስ።

ምትኩ፦ እባክሽ ያንን ቀን አታንሺብኝ።

ስንዱ፦ እናቴ የተቀበረችበት ቀን ነው። ሰው ያነሳዋል።

ምትኩ፦ አውቃለሁ።

ስንዱ፦ ከሻሸመኔ ወጥተን ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። አንተ ሞተሩን በሰውነትህ ጋርደህ «ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል» አልክ። ቀጠልክና ባትሪ ነው አልክ። ከዚያ ደግሞ አገሩ ከፍታ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው አልክ። ጂኦግራፊ በሕይወትህ የጠቀመችህ ያን ቀን ብቻ ነው።

ምትኩ፦ ስንዱ...

ስንዱ፦ ስንት ሚኒባስ አለፈን? እጄን ላነሳ ስል «አምስት ደቂቃ ብቻ» አልከኝ። አምስት ደቂቃህ አራት ሰዓት ሙሉ ሆነች። በሰው መኪና ተጎትተን ዶዶላ ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዞ ነበር። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ምን አለ?

ምትኩ፦ አስታውሳለሁ።

ስንዱ፦ በል ንገረኝ፣ ማስታወስህን ልይ።

ምትኩ፦ «መንገደኛ ናት፣ ቦታ ስጧት» አሉ።

ስንዱ፦ መንገደኛ። የገዛ ልጁን። መኪናዋ ቆማ ነው ስለው፣ ለእናቱ የሚጣደፍ ሰው በእግሩም ይመጣል አለኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ስደውል ስልኩን ለወንድሜ ያቀብለዋል። ወንድሜም «ደህና ነው» ይለኛል፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ። አንተን ደግሞ መኪናዋ ያን ቀን ምን ሆና ነበር እያልኩ ስጠይቅህ፣ ሰለቸኝ ብለህ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወጣህ።

ምትኩ፦ በየቀኑ ነበር የምትጠይቂኝ።

ስንዱ፦ በየቀኑ ሌላ መልስ ትሰጠኝ ስለነበር ነዋ። በል ፈቀቅ በል፣ አራተኛውን ልፍታ።

ምትኩ፦ ቆይ።

ስንዱ፦ ለምን ልቆይ?

ምትኩ፦ አይፈታም።

ስንዱ፦ ጋዝ ጠጥቷል።

ምትኩ፦ የሚፈታ ነገር የለውም እኮ! ጭንቅላቱ ብቻ ነው። በማጣበቂያ ነው የቆመው። ግንዱ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል።

ስንዱ፦ ማን ሰበረው?

ምትኩ፦ እኔ። እናትሽ ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት። አንቺ ሥራ ነበርሽ። የአየር ማስገቢያውን ላጽዳ ብዬ፣ ሞተሩ ገና ይፋጃል፣ እንቢ ሲለኝ መፍቻው ላይ ብረት ቀጠልኩና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስንዱ፦ ከሥራ ስመለስ ብትነግረኝ ምን ነበር የሚያስከፋኝ? ብሎን ነው። በቀን ሦስት የተሰበረ የማወጣ ሰው ነኝ።

ምትኩ፦ እሱ ነዋ! ሚስቱ ማሽን የምትጠግን ሰው አንድ ብሎን መፍታት አቃተው ትዪኛለሽ፣ ለእህቶችሽ ነግረሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ። አጣብቄው ዝም አልኩ። ውሎ አድሮ የሚያወጣልኝ ሰው ልፈልግ ነበር፤ ከዚያ የእናትሽ መርዶ መጣ።

ስንዱ፦ ዳገቱ ላይ ስትቆምስ ምን እንደሆነች ገብቶህ ነበር?

ምትኩ፦ ወዲያው። በዚያ በኩል ክፍት ሆኖ ያለ ልክ አየር ትስብ ነበር። ያንቺ ነጠላ ጫፍ ቢጠመጠምበት ዶዶላ ድረስ እንደ ምንም ትደርስ ነበር።

ስንዱ፦ ስንት ደቂቃ ይፈጃል መጠምጠሙ?

ምትኩ፦ አትጠይቂኝ።

ስንዱ፦ ስንት?

ምትኩ፦ ዐሥር። ግን ነጠላሽን አምጪ ብልሽ ቀርበሽ ታይዋለሽ። ነዳጅ ነው አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር እነግራታለሁ እላለሁ፣ ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ ያልፋል።

ስንዱ፦ እሺ።

ምትኩ፦ እሺ ብቻ? ስደቢኝ እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ስታሾፊብኝ ነበር እኮ።

ስንዱ፦ ሐሙስ ዕለት ሰድቤህ ጨርሻለሁ። ብቻዬን፣ እዚሁ ቆሜ። እትዬ ዘርፌ ሳይሰሙ አይቀሩም።

ምትኩ፦ ሐሙስ?

ስንዱ፦ ሐሙስ ነካ ሳደርገው ጭንቅላቱ መዳፌ ላይ ቀረ። ማጣበቂያህን አየሁ። እዚህ መሬት ላይ ተቀምጬ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት፤ ቧንቧውን ይዤ በእትዬ ዘርፌ በር ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሬዲዮ ያለው ሰው መክፈት ነው።

ምትኩ፦ ልትፈትኚኝ።

ስንዱ፦ መምህር ነህ፣ ፈተና ምን ያስደነግጥሃል?

ምትኩ፦ እና አለፍኩ?

ስንዱ፦ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ለገባ የፈተና ወረቀት አንተ ስንት ትሰጣለህ?

ምትኩ፦ አልቀበለውም።

ስንዱ፦ እኔ ከአንተ እሻላለሁ፣ ተቀብዬሃለሁ። አልታረመም እንጂ። በል እጅጌህን ሰብስብ። የሰበርከውን አንተው ታወጣዋለህ።

ምትኩ፦ እኔ? ብሰብረውስ?

ስንዱ፦ የተሰበረን ነገር ደግመህ ከሰበርክ እውነትም ጎበዝ ነህ። ፒንሳውን ያዝ። አሮጌውን አንሥቼዋለሁ፤ ግንዱ ትንሽ ብቅ ብሏል፣ ከሐሙስ ጀምሮ ጋዝ ሲጠጣ ነው የሰነበተው። ጥብቅ አድርገህ ንከሰው። ወደ ግራ። በትከሻህ አይደለም፣ ምትኩ! በእጅ አንጓህ።

ምትኩ፦ አይንቀሳቀስም።

ስንዱ፦ ወደ ቀኝ መልሰው። ትንሽ። እንደገና ወደ ግራ። አባብለው፤ ሽማግሌ ልከህ ሚስት ስትለምን እንዲህ ነበር የምትንጠለጠለው?

ምትኩ፦ ያኔ የለመኑልኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ስንዱ! ተነቃነቀ!

ስንዱ፦ አትጩህ፣ ይደነግጣል። ቀስ። አሁን ዝም ብለህ አዙር።

ምትኩ፦ ወጣ። ይኸው ወጣ! ይሄ ነው? የጣቴን ግማሽ እንኳ አያክልም እኮ።

ስንዱ፦ አዎ። እሱ ነው። ወዲያ አስቀምጠውና አዲሱን ቧንቧ ያዝልኝ። ከሥሩ ያለው ላስቲክ አይዙር። ብሎኖቹን አምጣ፣ ለአራተኛው አዲስ ገዝቻለሁ። መፍቻውን አስቀምጥ! መጀመሪያ በጣትህ።

ምትኩ፦ በጣት?

ስንዱ፦ በጣትህ ሦስት አራት ዙር ይግባ። በጣት እንቢ ካለህ ተጣሞ ነው የገባው፣ አውጥተህ እንደገና። ጥርስ የሚበላው በመፍቻ የሚጀምር ሰው ነው።

ምትኩ፦ ገቡ። አራቱም።

ስንዱ፦ አሁን በመፍቻው አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን። ጎን ለጎን አይደለም። ሁሉም እኩል እስኪነክሱ ድረስ ዙርባቸው።

ምትኩ፦ ነክሰዋል። ትንሽ ልጨምር?

ስንዱ፦ ያቺ ትንሽ ናት የበላችን። ተዋት። ግባና አስነሳት።

ምትኩ፦ ኧረ ስሚያት! እንዴት ጸጥ ብላ ትሠራለች! እነዚያ ሁሉ መንፈራገጦች የሉም።

ስንዱ፦ ምን ታድርግ፣ የምትደብቀው ነገር አለቀ።

ምትኩ፦ ስንዱ፣ እንግዲህ... ሻንጣዬን ይዤ ልምጣ?

ስንዱ፦ የት?

ምትኩ፦ ቤቴ። ቤታችን።

ስንዱ፦ በዶዶላ በኩል ከሆነ ና።

ምትኩ፦ ዶዶላ ምን አለ?

ስንዱ፦ አባቴ አለ። ለእኔ የነገርከኝን አንድም ሳታስቀር ለእሱ ትነግረዋለህ። ነዳጅ የለም፣ ባትሪ የለም፣ ከፍታ የለም።

ምትኩ፦ አባትሽ ፊት? ቢያባርሩኝስ?

ስንዱ፦ እኔን ሁለት ዓመት አባሮኛል። እንደምታየኝ አልሞትኩም።

ምትኩ፦ እሺ፣ እሄዳለሁ። በእናትሽ አልዋሽሽም። ግን የሚቀጥለው ሳምንት ይሁን፤ ልዘጋጅ፣ ልብስ ልቀይር። በዚህ ቱታ፣ እጄ እንዲህ ጠቁሮ...

ስንዱ፦ እጅህን በመንገድ ትጠርገዋለህ። ሞተሩ ተነሥቷል፣ አባቴም በዚህ ሰዓት በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ተነሥ ከመሪው፣ ወደዚያኛው ወንበር እለፍ፤ የምነዳው እኔ ነኝ።