ኦቦ ቶለሳ የያዙት ደብዳቤ

ሱሉልታ ውስጥ በአንድ ቢሮ የመሬት አቤቱታ ተቀባይ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን፣ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ መጡና በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ሰጡኝ። መሬታቸው ለፋብሪካ ተወስዶባቸው ነበር። የያኔው የአገሪቱ መሪ በአንድ ስብሰባ ላይ አቤቱታቸውን ሰምተው «ምትክ ቦታ ይሰጣቸው» ብለው የፈረሙበት ደብዳቤ ነው። ትእዛዙ ሳይፈጸም መሪው ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ከሥልጣን ወረዱ። ኦቦ ቶለሳ ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት ልጃቸው በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ደስ ብሎኝ ወደ ኃላፊዬ ይዤው ሮጥኩ። እሱ ፊርማውን ብቻ አየና መለሰልኝ። «ይሄ እኮ የድሮው ሰውዬ ነው። አዲስ ደብዳቤ ያምጡ።»

ወጥቼ ስነግራቸው አልተቆጡም። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «መሬቴን ሲወስዱብኝ የወሰደው መንግሥት ነው ተባልኩ። ምትክ ይሰጠው ሲባል ግን ያዘዘው አንድ ሰውዬ ሆነ?»

«እኔ ራሴ እከታተልልዎታለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። ሁለት ሰኞ መጡ፤ ሁለቱንም ቀን ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ባዶ እጄን ወጣሁ። ወዲያው ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። በእኔ ቦታ ለመጣችው ልጅ ቁልፉንና ማኅተሙን ሳስረክብ፣ አፍሬ ስለ ኦቦ ቶለሳ አንድም ቃል አልነገርኳትም። ሰኞ መጥተው እኔን ሲጠይቋት ምን እንዳለቻቸው እስካሁን ደውዬ አልጠየቅኳትም።